የስም ታርጋ መግዛት ያዋጣል ወይ?

የታርጋ ለውጥ ወሬ በተነሳ ቁጥር ደሴ ላይ አብሮት የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ስምን ታርጋ ላይ ማስወጣት ይቻላል አሉ፤ እውነት ነው? ስንት ይፈጃል?» ጥያቄውን የሚያሟሙቀው ደግሞ ከውጭ የሚላክ ፎቶ ነው። ለንደን ያለው ወንድም ስሙን የሚመስል ታርጋ የለጠፈበትን መኪና አንስቶ ይልካል። ዱባይ የምትሠራው እህት ባለአንድ አሃዝ ታርጋ ያለው መኪና አጠገብ ቆማ ትነሳለች። ወሬው ከሸዋ በር ሰኞ ገበያ እስኪደርስ ዋጋው ሚሊዮን ይገባል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ለደስታ ብሎ፣ ዋጋው ትንሽ በሆነበት አገር፣ ቢጠፋም በማያንገበግብ ገንዘብ ለሚገዛ ሰው ችግር የለውም። «ነገ አትርፌ እሸጠዋለሁ» ብሎ ለሚገዛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኪሳራ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ የሚወስደው ነገር በትክክል ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሚገዛው ቆርቆሮው ነው ወይስ ቁጥሩ?

ታርጋ የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የቀረ ነው፤ የመንግሥት ወረቀት ላይ ሰሌዳ ይባላል። በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። አንደኛው መኪናው ላይ በብሎን የሚታሰረው ቆርቆሮ ነው። ሁለተኛው መዝገብ ላይ የሰፈረው ቁጥር ነው። ሦስተኛው ደግሞ ያንን ቁጥር በአንድ መኪና ላይ የመለጠፍ መብት ነው።

የቤት ቁጥርን ማሰብ ይበቃል። በር ላይ የተመታችው ቆርቆሮ ብትወድቅ ቤቱ ቁጥር አልባ አይሆንም፤ ቁጥሩ ያለው ቀበሌው መዝገብ ላይ ነው። ጎረቤት ያቺን ቆርቆሮ አንስቶ የራሱ በር ላይ ቢመታት ደግሞ ቤቱ የእሱ አይሆንለትም። የስም ታርጋ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለሦስተኛው፣ ለመብቱ ነው። እንግሊዝ አገር ይህ በግልጽ ተቀምጧል፦ ገዢው ቁጥሩን የመጠቀም መብት እንጂ የቁጥሩን ባለቤትነት አያገኝም። ደንብ ከጣሰ መብቱ ሊነሳበት ይችላል።

ስለዚህ የስም ታርጋ ስንል ባለመኪናው ራሱ መርጦ፣ ተጨማሪ ከፍሎ የሚያወጣው የፊደልና የቁጥር ስብስብ ማለታችን ነው። ስም የሚመስል ሊሆን ይችላል፤ የልደት ዓመት ሊሆን ይችላል፤ አጭር ስለሆነ ብቻ የሚፈለግ ቁጥርም ሊሆን ይችላል።

እኛ አገር ታርጋ ስለ ማን ይናገራል?

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ማንኛውም ተሽከርካሪ መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት መመዝገብና ሰሌዳ መለጠፍ እንዳለበት ይደነግጋል። ለረጅም ዓመታት ስንጠቀምበት በኖርነው አሠራር ታርጋው የሚናገረው ስለ ባለቤቱ ማንነት ሳይሆን ስለ መኪናው ሥራ ነው። ቀዩ ኮድ 1 ታክሲ፣ ሰማያዊው ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ፣ ጥቁሩ ኮድ 4 የመንግሥት ነው። ብርቱካናማው ኮድ 5 ደግሞ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች የሚይዙት ነው። አጠገቡ «አማ»፣ «አአ» ወይም «ኦሮ» የሚለው የተመዘገበበትን ክልል ወይም ከተማ ያሳያል። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርገው ኮምቦልቻ የሚገቡት ከባድ መኪኖች ላይ የሚታየው «ኢት» ደግሞ በፌዴራል ደረጃ የተመዘገቡ መሆናቸውን ይነግረናል።

ቁጥሩ የሚወጣው በተራ ነው። አዲስ አበባ ላይ ኮድ 2 አምስት አሃዙ ሲሞላ ፊደል ተጨምሮበት ኤ፣ ቀጥሎ ቢ፣ ቀጥሎ ሲ እያለ ሄዷል። ደላላ «ሲ ታርጋ ነው» እያለ የሚያሞግሰው ለዚህ ነው፤ መኪናው አገር ውስጥ የተመዘገበው በቅርብ ነው ማለቱ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስት ነገር አለ። ፊደሉ የሚናገረው መኪናው የተመዘገበበትን ጊዜ እንጂ የተሠራበትን ዓመት አይደለም። ሃያ ዓመት ውጭ ተነድቶ የመጣ መኪናም አዲስ ፊደል ሊይዝ ይችላል። የተሠራበትን ዓመት የሚያሳየው ሊብሬው ነው።

ወሎ ላይ ስምና ማንነት የሚጻፍበት ቦታ እንግዲህ ሌላ ነው፦ የባጃጁ ሸራ፣ የአይሱዙው ፓራውልት፣ የሚኒባሱ የኋላ መስታወት። «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ለማስጻፍ ጨረታ አያስፈልግም፤ ሠዓሊው ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። ቀለሙ ቢያስጠላም ይፋቃል። የስም ታርጋን ከመግዛታቸው በፊት ከዚህ ጋር ቢያወዳድሩት ብዙ ሰዎች ሐሳባቸውን የሚቀይሩ ይመስለናል።

ውጭ አገር ለምን ያን ያህል ይወደዳል?

ዱባይን እንመልከት። ታርጋው አንድ ወይም ሁለት ፊደልና ከአንድ እስከ አምስት አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። በአንድ ፊደል ስር ባለአምስት አሃዝ ቁጥር 90,000 ይወጣል፤ ባለአራት 9,000፤ ባለሦስት 900፤ ባለሁለት 90። ባለአንድ አሃዝ ግን 9 ብቻ ነው፤ ከ1 እስከ 9፣ አለቀ። መኪናው የቱንም ያህል ቢበዛ አሥረኛ አይገኝም። ፒያሳ አስፋልቱ ዳር ያለ የማዕዘን ሱቅ ከጀርባው ካለው ሱቅ ይልቅ የሚከራየው ግንቡ ስለተሻለ አይደለም፤ ማዕዘኑ አንድ ስለሆነ ነው። አጭር ታርጋም እንደዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ዱባይ ላይ «ፒ 7» የሚለው ታርጋ በ55 ሚሊዮን ድርሃም ተሽጦ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ተባለ። ፎቶው የእያንዳንዳችን ስልክ ላይ ደርሷል። ከፎቶው ጋር ያልደረሰን ግን ሽያጩ የበጎ አድራጎት ጨረታ እንደነበረ ነው፤ ገንዘቡ የተራቡትን ለመመገብ ለተከፈተ ዘመቻ የዋለ ነው። ከዚህ ዋጋ ውስጥ የትኛው የታርጋው፣ የትኛው የምጽዋቱ፣ የትኛው ደግሞ የባለሀብቱ ስም ማስጠሪያ እንደሆነ ማንም ለይቶ ሊነግረን አይችልም። «ታርጋ 55 ሚሊዮን ያወጣል» ብሎ መደምደም ለመስጊድ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ በጨረታ የተሸጠን በግ ዋጋ አይቶ የበግ ገበያ ጨመረ እንደማለት ነው።

ሆንግ ኮንግ ሌላ ምክንያት አለው። እዚያ ቁጥር ሲነበብ የሚሰጠው ድምፅ እንደ መልካም ምኞት ይቆጠራል፤ ከሀብትና ከዕድል ጋር የሚቀራረብ ድምፅ ያለው ቁጥር በጣም ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 «28» የሚለው ታርጋ በ18.1 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር የተሸጠው ለዚህ ነው። ያው 28 ለእኛ ከ27 ቀጥሎ የሚመጣ ቁጥር ነው። የታርጋ ዋጋ በገዢው ልብ ውስጥ ያለ ነገር መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከጨረታው ዋጋ በላይ የሚከፈለው ስንት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሂሳቡን በዝርዝር እናስላው። የእንግሊዝ የመንጃ ፈቃድና ተሽከርካሪ መዝገብ መሥሪያ ቤት ቁጥሮችን ለሕዝብ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በኖቬምበር 2014 «25 ኦ» የሚለውን ሲሸጥ መዶሻው የተመታው 400,000 ፓውንድ ላይ ነበር። ገዢው የከፈለው ግን 518,480 ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ?

በ400,000 ላይ 20 በመቶ ቫት 80,000 ይሆናል። የጨረታ ኮሚሽን 8 በመቶ 32,000 ነው። ኮሚሽኑ ራሱ ቫት አለበት፤ 6,400። ቁጥሩን ወደ መኪናው ማስተላለፊያ 80 ፓውንድ። ሲደመር 118,480 ፓውንድ ከላይ ተጨመረ፤ ከመዶሻው ዋጋ 30 በመቶ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ያ ሰው በማግሥቱ ሐሳቡን ቀይሮ እዚያው 400,000 የሚሰጠው ሌላ ሰው ቢያገኝ እንኳ 118,480 ፓውንድ አየር ላይ ቀርቷል።

ዋጋው ሲያንስ ነገሩ ይብሳል እንጂ አይሻልም። በዚያው ስሌት 1,000 ፓውንድ የተመታ ታርጋ ቫቱ 200፣ ኮሚሽኑ 80፣ የኮሚሽኑ ቫት 16፣ ማስተላለፊያው 80 ሆኖ 1,376 ይሆናል። እንግዲህ ይህ ገዢ ሳይከስር ለመውጣት ብቻ በ37.6 በመቶ የጨመረ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ማግኘት አለበት። በግል ነጋዴ በኩል ሲሸጥ ደግሞ ነጋዴው የራሱን ድርሻ ያነሳል። ዱባይ ላይም በመንገድና ትራንስፖርት ባለሥልጣኑ ጨረታ 5 በመቶ ቫት ይታከልበታል።

ጨረታ ውስጥ ሳይገቡ በቁርጥ ዋጋ የሚሸጡም አሉ። እንግሊዝ አገር እነዚህ ከ250 ፓውንድ ይጀምራሉ፤ ቫቱና 80 ፓውንዱ በውስጡ ነው። ለደስታ የሚገዛ ሰው ማየት ያለበት ይህንን ነው።

እንግሊዝ ያለ ዘመድ ሊገዛ ቢነሳ ከምን ይጀምራል?

በመጀመሪያ የቁጥሩን አቀማመጥ ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2001 ጀምሮ የሚሰጠው ታርጋ ሁለት ፊደል፣ ሁለት አሃዝ፣ ከዚያ ሦስት ፊደል ነው። መሃል ያሉት ሁለት አሃዞች ዕድሜ ይናገራሉ። በማርች 2024 የወጣ 24 ይላል፤ በሴፕቴምበር 2024 የወጣ 50 ተደምሮበት 74 ይላል። ሕጉ አንድ ነገር አጥብቆ ይከለክላል፦ መኪናን ከዕድሜው አሳንሶ የሚያሳይ ታርጋ መለጠፍ አይቻልም። የሚያስረጅ ታርጋ ግን ይቻላል። የ2015 መኪና 24 የሚል ታርጋ አይለጠፍበትም፤ 08 የሚል ይለጠፍበታል።

ሲገዛ ቪ 750 የተባለ ሰነድ ይሰጠዋል፤ ቁጥሩን የመጠቀም መብቱ ማረጋገጫ ነው። ሰነዱ 10 ዓመት ያገለግላል፤ ከማለቁ በፊት ይታደሳል። ገዢው የሌላ ሰው ስም ማስገባትም ይችላል፤ ለልደት ስጦታ የሚገዙት እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ቁጥሩ የሚገባበት መኪና እዚያው አገር የተመዘገበ፣ በራሱ ሞተር የሚንቀሳቀስና ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የሚመለከተው ዓይነት መሆን አለበት። የመኪናውን ደብተር፣ የእኛን ሊብሬ የሚመስለውን ማለት ነው፣ ይዞ ኦንላይን ወይም በፖስታ ያስተላልፋል። ኦንላይን ወዲያው ይጸናል። ስለዚህ አዲሱን ሰሌዳ ሳያሠራ ማስተላለፍ የለበትም፤ አሮጌው ቁጥር ከመዝገብ ወጥቶ እያለ አሮጌውን ቆርቆሮ ይዞ መንዳት ይሆንበታል። ሰሌዳውን የሚሠራለትም ፈቃድ ያለው ሠሪ ነው፤ መታወቂያና የመብቱን ሰነድ ሳያይ አይሠራም።

ደሴ ያለ ሰው «ላክልኝና መኪናዬ ላይ ልለጥፈው» ቢል አይሆንም። ለንደን የተገዛ ቁጥር እዚያው መዝገብ ውስጥ ላለ መኪና ብቻ ነው። እዚህ መጥቶ ቢለጠፍ ጌጥ ሳይሆን ሐሰተኛ ታርጋ ነው።

ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ምን ይበላሻል?

ብዙ ነገር ይበላሻል፤ ከታርጋው ዋጋ በላይ የሚያስወጣውም ይህ ነው።

ዋናው መኪናን ከነታርጋው መሸጥ ነው። እንግሊዝ አገር ቁጥሩ ከመኪናው ላይ በሥርዓት ካልተነሳ ከመኪናው ጋር አብሮ ይሄዳል። ባለቤቱ መጀመሪያ ቁጥሩን ወደ መያዣ ሰነድ ማዛወር አለበት፤ ያኛው ሰነድ ቪ 778 ይባላል፤ እሱም 80 ፓውንድ ያስከፍላል። ይህን ሳያደርግ መኪናውን አስረክቦ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ «ታርጋዬን መልስልኝ» ቢል አዲሱ ባለቤት የመመለስ ግዴታ የለበትም። መኪናው ተጋጭቶ ኢንሹራንሱ ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ ሲረከበውም ያው ነው፤ «ቁጥሩን እፈልገዋለሁ» ብሎ ቀድሞ ያላሳወቀ ሰው ከስብርባሪው ጋር ያጣዋል።

ሁለተኛው ኢንሹራንስ ነው። አውራ ጎዳና ላይ የተተከሉት ካሜራዎች ታርጋ አንብበው ከመድን መዝገብ ጋር ያመሳክራሉ። ቁጥሩን ቀይሮ ለመድን ድርጅቱ ያልነገረ ሰው ሙሉ ክፍያ ከፍሎ እያለ መዝገቡ ላይ መድን እንደሌለው ሆኖ ይታያል፤ ፖሊስ ያስቆመዋል። የፓርኪንግ ፈቃድ፣ የመሃል ከተማ መግቢያ ክፍያ፣ የድልድይ ክፍያ፣ ሁሉም የተያያዙት በቁጥር ስለሆነ አንድ በአንድ መቀየር አለባቸው። አንዱን የረሳ ሰው ቅጣቱ በፖስታ ይደርሰዋል።

ሦስተኛው ስም ለማስመሰል ሲባል ፊደሉን መነካካት ነው። የእንግሊዝ ሰሌዳ ልኩ የታወቀ ነው፦ ፊደሉ ቁመቱ 79 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር፣ የመስመሩ ውፍረት 14 ሚሊ ሜትር፤ በፊደልና ፊደል መካከል 11፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል 33 ሚሊ ሜትር። ሰው ግን ስሙ እንዲነበብ ክፍተቱን ያጠባል፤ ወይም ጥቁር ብሎን ፊደሉ መሃል መትቶ አንዱን ፊደል ሌላ ያስመስለዋል። ይህ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል፤ የቴክኒክ ምርመራ ያስወድቃል፤ ሲደጋገም ቁጥሩን ራሱን ያስነጥቃል። በደንብ ካልተነካካ ስም የማይመስል ታርጋ ከመጀመሪያውም ባይገዛ ይሻላል።

ደግሞ ኮምፒዩተር የሚያመጣው ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ የሎስ አንጀለስ ሰው የስም ታርጋ ማመልከቻ ሲሞላ ሦስት ምርጫ ጻፍ ተባለ። ሁለቱ ስለ ጀልባ ነበሩ። ሁለቱ ካልተገኙ ሌላ አልፈልግም ለማለት በሦስተኛው ቦታ ላይ «ታርጋ የለም» ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ። መሥሪያ ቤቱም ያንኑ ጽሑፍ ታርጋ አድርጎ ሰጠው! ትራፊክ ፖሊሶች ታርጋ ያልለጠፈ መኪና ሲቀጡ ቅጹ ላይ የሚሞሉት ያንኑ ቃል ስለነበር የዚህ ዓይነቱ ቅጣት ሁሉ ወደ እሱ ቤት መጉረፍ ጀመረ፤ 2,500 ያህል ደረሰው። ከዓመታት በኋላም ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሰው በኮምፒዩተር ቋንቋ «ባዶ» ማለት የሆነውን ቃል ታርጋ አድርጎ ባዶ የተተዉ ቅጾች ሁሉ ለእሱ ተቆጥረው ከ12,000 ዶላር በላይ ቅጣት ተላከበት፤ ይህ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ስሙ የወሎ ስም ከሆነስ?

ለየት ያለ ስም ያለው ሰው «የእኔን ማን ይወስደዋል፤ ርካሽ አገኛለሁ» ይላል። ልክ ነው፤ ግን ነገሩ ሁለት ፊት አለው።

ሰይድን እንውሰድ። በላቲን ፊደል አንዱ በአራት ሆሄ ይጽፈዋል፤ ሌላው በአምስት፤ ሌላው ጭራሽ በሌላ አናባቢ። በአሁኑ የእንግሊዝ አሠራር ደግሞ «አይ» እና «ኪው» የሚባሉት ፊደላት አይገቡም። ስለዚህ «አይ» በ1፣ «ዲ» በ0 ይተካና «ኤስ ኢ 10» ብሎ የሚጀምር ታርጋ ይፈለጋል፤ ከርቀት ሲያዩት ሰይድ ይመስላል። እዚህ ላይ ገዢው ቆም ማለት አለበት። ያ 10 የማርች 2010 ምልክት ነው፤ ከዚያ በፊት የተመዘገበ መኪና ላይ አይለጠፍም። ከኋላው የሚቀሩት ሦስት ፊደላትም የአባት ስም መጀመሪያ ካልሆኑ ትርጉም የላቸውም።

አሁን ይህ ሰው መሸጥ ፈለገ እንበል። የሚገዛው ስሙ ሰይድ የሆነ፣ በዚያው አጻጻፍ የሚጽፍ፣ 0 ን እንደ ፊደል አንብቦ የሚደሰት፣ መኪናው ከ2010 ወዲህ የሆነና በዚያች ሳምንት ትርፍ ገንዘብ ያለው ሰው መሆን አለበት። ስሙ አራጋው ወይም ይመር ከሆነማ የሚፈልገው ሰው ያለው ሐይቅና መርሳ ነው፤ እነሱ ደግሞ እንግሊዝ መዝገብ ውስጥ መኪና የላቸውም። ለመግዛት የሚረክሰው ስም ለመሸጥም ገዢ የለውም። ዋጋውን ይዞ የሚቆየው ዓለም ሁሉ የሚጋራው አጭር ስም ወይም ሁለትና ሦስት ፊደል ብቻ ያለው ታርጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያውም በርካሽ አይገኝም።

አሜሪካ ያሉትስ ለምን በብዛት ይይዙታል?

ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ነው። ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት የቨርጂኒያ ግዛት የስም ታርጋ ለሚፈልግ ሰው ከመደበኛው ክፍያ በላይ በዓመት 10 ዶላር ብቻ ያስጨምራል። ሃያ ዓመት ቢይዘው 200 ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገ ቆጠራ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የስም ታርጋ በብዛት የተገኘው እዚያው ነበር፤ ከመቶ መኪና 16ቱ ላይ። እዚያ ማንም እንደ ቅርስ አይገዛውም። በየዓመቱ የሚከፈልበት ነገር ነው፤ መክፈል ሲቆም ይቀራል። ስድብ ወይም ነውር ከሆነ ግዛቱ ይከለክላል። ከየአገሩ አሠራር ሁሉ ጤናማው ይህ ይመስለናል። ገዢው ምን እንደገዛ ያውቃል፤ ትርፍ የሚባል ሕልም አይገባበትም።

እዚህ አገር «ምርጥ ቁጥር ላውጣልህ» የሚል ቢመጣስ?

ለማስታወስ የሚቀል ስልክ ቁጥር ለባለጋራዥ ጥቅም አለው፤ ደንበኛ ይደውላል። ታርጋ ላይ ግን ማንም አይደውልም። ስለዚህ ለደላላ ከመክፈል በፊት ጥቂት ጥያቄ ይበቃል። ክፍያው በመሥሪያ ቤቱ የባንክ ሒሳብ ገብቶ ደረሰኝ ይቆረጥበታል? ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ይሰፍራል? መኪናው ሲሸጥ ቁጥሩ ከማን ጋር ይቀራል? መልሱ «እሱን ለእኔ ተወው» ከሆነ ነገሩ አልቋል። ትክክለኛ አሠራር በሚኖርበት ጊዜ ሁሉ መስኮት ላይ የሚጠየቅ፣ ተመኑ የተለጠፈ ነገር ነው።

ያገለገለ መኪና ሲገዛ ደግሞ ከቁጥሩ ውበት በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። የሻንሲ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 17 ፊደልና አሃዝ ነው፤ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ይነበብ፤ ባለ17ቱ ውስጥ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት ፊደላት ካሉ በተሳሳተ መንገድ ተነቧል ወይም ተነካክቷል። የሞተር ቁጥሩም እንዲሁ። ቀጥሎ ኮዱ። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ኮድ 2 አይዞርም፤ የቀረጡ መጠን ከደላላው ቅናሽ በላይ ሊሆን ይችላል። የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩ ከፋይሉ ይጣራል። ሌላ ክልል የተመዘገበ ከሆነ ፋይሉ ተዛውሮ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል፤ ቀሪው ክፍያ ያኔ ቢሆን ይመረጣል። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ጊዜያቸው አለማለፉም አብሮ ይታያል።

ያለውን ታርጋ ማሳመርስ?

ይህ ርካሽ ነው፤ ጥቅምም አለው። ታርጋ ሌሊት የሚያበራው ፊቱ ላይ መብራት መልሶ የሚልክ ስስ ሽፋን ስላለው ነው። በሽቦ ወይም በአሸዋ ከተፈተገ ሽፋኑ ይጫራል፤ ቀን ንጹሕ መስሎ ሌሊት ይጠፋል። ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይታጠብ። ጥቁር ፕላስቲክ ክዳንና ሰፊ ፍሬም ቁጥር ይሸፍናሉ፤ ትራፊክ ያስወልቃል።

ክረምት ላይ የፊት ታርጋ የሚጠፋው ባብዛኛው ጎርፍ ሲሻገሩ ነው። ውሃው ከፊት ሲገፋ ቆርቆሮውን ወደ ኋላ ያጥፈዋል፤ የዛገው ብሎን ይበጠሳል፤ ሾፌሩ የሚያውቀው ከተማ ሲገባ ነው። በሁለት ብሎን ብቻ ከማንጠልጠል በአራቱም ጥግ ማሰር፣ ከብሎኑ ሥር ጎማ ሮንዴላ ማድረግ፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊትም ዝገቱን ማየት ይበቃል። ጠፍቶ ከተገኘ ለፖሊስ አመልክቶ ማስረጃ መያዝ፣ ከዚያ ሊብሬና መታወቂያ ይዞ መዝገብ ቤት መሄድ ነው። ማስታወቂያ የሚጽፍ ሱቅ ገብቶ ተመሳሳዩን ማሠራት ግን ቁጥሩ የራስ ቢሆን እንኳ ሐሰተኛ ሰሌዳ ያሰኛል።

የኋላ ታርጋ መብራት የምትባለው ትንሽ አምፖል ደግሞ ብዙ መኪና ላይ ተቃጥላ ዓመት ትቀመጣለች። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን በጉም ሲወርዱ ከፊት ያለውን መኪና ከኋላ ለሚመጣው የሚያሳየው የፓርኪንግ መብራት የሚበራው ከእሷ ጋር ነው። መኪናውን ቁልቁል ከመያዝ በፊት መብራት አብርቶ፣ ወርዶ ከኋላ ማየት ነው።